ጳጉሜን ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ እንዴት ታሳልፋላችሁ? (ድሬዎች እና ሐረሮች)

ሳቢያኗ እናት፦

ሰላም ድሬዎች፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ነሐሴ እያለቀ ነው፣ ጳጉሜ ደርሳለች፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ገና አልተከፈተም። ልጆቼ 3 ናቸው። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ መሀለኛው 9፣ ትንሿ 5። በዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በባቡር መጥቶ እኛ ጋ እየከረመ ነው፣ እሱ 11 ነው።

ሐምሌ ላይ ቤቱ ደስ ይል ነበር። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ኳስ ነው፣ ብይ ነው፣ ሰኞ ማክሰኞ ነው፣ ሰፈሩ በነሱ ጩኸት ነበር የሚነቃው። አሁን ሁሉም ሰለቻቸው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ወደ ቤት ያስገባቸውና አራቱም የበረንዳው ሊሾ ላይ በደረታቸው ተኝተው አንድ ስልክ ይከባሉ። ቲክቶክ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። መብራት የሄደ ጊዜ ደግሞ ቬንትሌተሩ ቀጥ ይላል፣ የስልኩም ባትሪ ያልቃል፣ ከዚያ ጥል ይጀመራል። «እሱ ነካኝ»፣ «እሷ ቦታዬን ወሰደችብኝ»። ትንሿ እያለቀሰች እኔ ጋ ትመጣለች፣ እኔ ደግሞ ከሥራ ደክሞኝ ነው የምገባው።

ለጳጉሜ ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። አምስቱንም ቀን ቤት ነኝ ማለት ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፣ እሱ የሚገባው የበዓሉ ዋዜማ ላይ ነው። ሆቴል መዋኛ፣ ምናምን፣ እሱን አላስብም፤ በዓሉ ራሱ ኪስ ያራቁታል። እኔ የምፈልገው ቤት ውስጥ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አብረን የምንሠራው ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ስለ ዓመት መጨረሻ ሲያስቡ ስልክ ብቻ ትዝ እንዲላቸው አልፈልግም። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

አንድ ሌላም ጥያቄ አለኝ። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ዓርብ ላይ ነው የሚውለው። አማቴ ጾመኛ ናቸው፣ እኛም እንጾማለን። ልጆቹ ግን ዶሮ ዶሮ እያሉ ነው። ዓርብ የዋለ በዓል እናንተ ቤት እንዴት ነው የሚከበረው? እስኪ የምታደርጉትን ንገሩኝ።


የለገሃሬ ልጅ፦

አቦ እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። እኔ የማምንበትን ልንገርሽ። ልጅ እውነተኛ ሥራ ሲያገኝ ስልኩን ራሱ ይተወዋል። ግን ለማስመሰል የተሰጠ ሥራ መሆን የለበትም፣ ልጆች ይሄን ወዲያው ነው የሚነቁት። «ና እዚህ ጋ ቁጭ በልና ይሄን ደርድር» ብትዪው ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ የለም። በዓሉ ያለ እሱ ሥራ የማይሞላ መሆኑን ካየ ግን ማን ያስነሳዋል!

ለወንዶቹ የእንቁጣጣሽ ሥዕል አለልሽ። አሁን አሁን የታተመ ካርድ ተገዝቶ ይታደላል፣ እኔ አልወደውም። ደብተር መሸጫ ሂጂና ጠንከር ያለ ነጭ ወረቀት ግዢ፣ በፖስት ካርድ ልክ ቁረጪላቸው፣ ባለ ቀለም እርሳስና ማርከር ስጪያቸው። ፀሐይ፣ አደይ አበባ፣ መልአክ፣ ዶሮ፣ የፈለጉትን ይሳሉ። የኔ ልጅ አምና ባጃጅ ስሎ ጎማው ላይ አበባ አደረገበት፣ ጎረቤታችን የሆኑት አዛውንት እስካሁን ግድግዳቸው ላይ ለጥፈውታል። ከሥዕሉ ሥር «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ብለው በራሳቸው እጅ ይጻፉ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፣ በኛ ሙቀት እጃቸው ያልበዋል፣ ማርከሩ ይጨማለቃል። ከእጃቸው መዳፍ ሥር ሌላ ንጹሕ ወረቀት ያድርጉ፣ እየሳሉ ወደ ታች ያንሸራቱት። ሥራውም ጠዋት ይሁን፣ ከቁርስ በፊት ብትጀምሩ ይሻላል። ከጳጉሜ 1 ከጀመሩ እስከ ዋዜማው ለዘመድ ለጎረቤት የሚበቃ ይኖራቸዋል። መስከረም 1 ጠዋት ይዘው ይዞራሉ፣ የሚሰጣቸው ሳንቲም የራሳቸው ነው፣ እባክሽ አትውሰጂባቸው።

ለአዲስ አበባው ልጅ ደግሞ አሮጌውን ባቡር ጣቢያ አሳዪው፣ ከቤታችሁ በባጃጅ ነው። እሱ የመጣበት የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚያወርደው፣ ስለዚህ ድሬ ለምን ድሬ እንደሆነች አላየም ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ነው። ሐሳቡ ሐረር ሊገባ ነበር፣ ተራራው አላስወጣ አለው፣ እግሩ ሥር ይሄ ሜዳ ተመረጠ፣ ከተማዋን መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የሚሏት። አዲስ አበባ የገባው ገና በ1917 ነው። አያቴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ሲያወሩልን እራት ይቀዘቅዝ ነበር። በሰፈራችሁ የባቡር ጡረተኛ አይጠፋም፣ ልጆቹን ይዘሽ አንድ ከሰዓት ቡና ጠጡ። እንዲህ ዓይነት ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ነው የሚሰሙት።


የመጋላዋ ጎረቤት፦

ወላሂ ይሄን ጥያቄ በማየቴ ደስ አለኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እንቁጣጣሽ ግን የሁላችንም አዲስ ዓመት ነው፣ ደጄ ላይ አበባየሆሽ ሳይዘፈን መስከረም የገባ አይመስለኝም። ግቢያችን ውስጥ የተለያየ ሰው ነው የሚኖረው፣ በዓሉ የማንም ይሁን የማን ሣህኑ ይዞራል። አምና መውሊድና እንቁጣጣሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገጠሙት፣ ያን ሳምንት ልጆቹ አንድም ቀን እቤታቸው የበሉ አይመስለኝም፣ አንዴ እዚያ አንዴ እዚህ።

ልጆችሽ ውስጥ 13 ዓመቷ ያለችው አሁን አውጪ ትሁን። አበባየሆሽ ልምምድ ይፈልጋል፣ እንዲሁ ጠዋት ተነስቶ አይዘፈንም። ከጳጉሜ መጀመሪያ ጀምሮ አመሻሽ ላይ፣ ግቢው ውሃ ተረጭቶ ቀዝቀዝ ሲል፣ የሰፈሩን ሴት ልጆች ትሰብስብ። ከበሮ ከሌላችሁ ቢጫ ጀሪካን ይበቃል፣ እንዲያውም ጥሩ ድምፅ አለው። እሷ ስታወጣ ሌሎቹ «ለምለም» እያሉ ይቀበሏታል። ትንሿን ከፊት አድርጓት፣ ቄጤማውን እሷ ትያዝ። የተገኘው ገንዘብ ደግሞ እኩል ይካፈል፣ ትንሿም ከትልቋ እኩል ታግኝ። የኛ ግቢ ልጆች አንዴ በዚህ ተጣልተው ሁለት ቡድን ሆነው ዞሩ፣ እናቶችም ሊጣሉ ነበር። ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት።

አደይ አበባውን አስቀድመሽ እዘዢ። ድሬ ቆላ ነው፣ አደይ እንደ ደጋው ሜዳውን አይሞላውም። በሐረር መንገድ ከደንገጎ ተራራ በላይ ካለው አገር የሚመጣ ሰው ካለሽ ያምጣልሽ፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ አለበለዚያ ቁልቁለቱን ሲወርድ በሙቀቱ ይጠወልጋል።

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ። የጾም በዓል ቢሆን ምን ይጎድላል? ሳምቡሳ በምስር ሥሩ! ጾም ነው፣ ልጆች ይወዱታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እጅ ይፈልጋል። አራት ልጅ አለሽ፣ ስምንት እጅ ነው። ምስሩን ቀቅለሽ ውሃውን በደንብ አጠንፍፊ፣ ትንሽ እርጥበት ከቀረ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ ደቀቅ አድርጊና ቀላቅዪ፣ ይቀዝቅዝ። ሊጡን ትንንሽ ድቡልቡል አድርገሽ ትንሽ ትንሽ ዳምጪ፣ ከዚያ አንዱን ዘይት ቀብተሽ ዱቄት ነስንሰሽበት ሌላውን በላዩ ጫኚና ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሽ በደንብ አሳሺው። ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ አሳዪው፣ እንዳይበስል፣ ወዲያው አንሥተሽ ሁለቱን አላቂያቸው። ይሄን ማላቀቅ ለልጆቹ ስጪ፣ እንዴት እንደሚደሰቱበት ታያለሽ፣ አንዱ ከሌላው ላይ ሽርር ብሎ ሲነሳ በእንፋሎቱ ጣታቸውን እየነፉ ይስቃሉ። ከዚያ ቆርጠሽ ሦስት ማዕዘን አድርገው ያጥፉ፣ ጠርዙን በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ይለጥፉ። የመጀመሪያዎቹ አፋቸው ይከፈታል፣ አትቆጪ። መጥበሱን ግን አንቺ ብቻ፣ ልጅ ዘይቱ አጠገብ አይቁም። ለኔም ላኪልኝ!

ሻይ ሰለቸን ካሉ ደግሞ ለማታ ሆጃ አፍዪላቸው፣ ከቡና ገለባ ነው የሚፈላው፣ ገለባውን ገበያ ታገኛለሽ። በወተት ከሆነ ግን ለዓርብ አይሆንም፣ በሌላ ቀን።


ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጋላዋ እመቤት ለእጃቸው ሥራ ሰጥታለች፣ እኔ ለጭንቅላታቸው ልጨምር። እንቁጣጣሽ ዓርብ መዋሉን የነገረሽ ስልክሽ ይሆናል። ልጆቹ ግን ራሳቸው ሊያገኙት ይችላሉ። አባቶቻችን ያለ ስልክ ያወቁበት መንገድ አለ፣ የባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው፣ መደመርና ማካፈል የሚችል ልጅ ሁሉ ይሠራዋል።

ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። በሚመጣው ዓመት ላይ 5500 ይደምሩ። 2019 ሲደመር 5500፣ 7519 ይሆናል። ይህን ለ4 ያካፍሉ። 1879 ደርሶ 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ ነው፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ስለዚህ 2019 ሉቃስ ነው። አሁን 7519 እና 1879 ይደመሩ፣ 9398 ይመጣል። ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ዓመቱ ማክሰኞ ይገባል፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ምንም ሳይቀር ሰኞ። ይኸው ዓርብ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ተያቸው፣ አያቆሙም። መሀለኛው 9 ዓመቱ ነው ካልሽ 2009 ላይ የተወለደ ይመስለኛል። 7509 ለ4 ሲካፈል 1877 ደርሶ 1 ይቀራል፣ ዘመነ ማቴዎስ። 7509 ሲደመር 1877፣ 9386፣ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 6። የተወለደበት ዓመት እሑድ ገብቷል። የአባቱን፣ የአያቱን፣ የጎረቤቱን ዓመት ሁሉ ሲያሰላ ይውላል። ለአማትሽም ያስሉላቸው፣ በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደተወለዱ ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል። አንድ ሌላም ይንገሯቸው፣ የሉቃስ ዓመት ሲያልቅ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። ዘንድሮ 5 ናት፣ በሚመጣው ዓመት ግን አንድ ቀን ትጨምራለች። ልጆች ይህን ሲሰሙ የተሰጠቻቸው ተጨማሪ የዕረፍት ቀን አድርገው ነው የሚቀበሏት።

ስለ ጾሙም ልመልስ። ረቡዕና ዓርብን ከጾም የሚያስቀሩት በእነዚህ ቀኖች የዋሉ ልደትና ጥምቀት፣ እንዲሁም ከትንሣኤ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ናቸው። እንቁጣጣሽ ከነዚህ አይደለም። እኛ ቤት ዓመቱ ዓርብ ወይም ረቡዕ ሲገባ ዶሮው በዋዜማው ማታ ይቀርባል፣ ቀሪው በበዓሉ ማግስት ይበላል። ባለቤትሽ ዋዜማ ላይ ይገባል ብለሻል፣ እንግዲህ ሐሙስ ማታ ቤተሰቡ ሙሉ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምሽት የት ይገኛል? ዓርብ በጾም ምግብ ይከበራል፣ ቅዳሜ እንደገና ይከፈታል። ልጆቹ አንድ በዓል ሁለት ጊዜ አከበሩ ማለት ነው።


የገንደ ቆሬ አባት፦

ሁሉም ጥሩ ብሏል፣ እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጳጉሜን ከጠዋት እስከ ማታ በፕሮግራም አትሙዪባቸው። ዓመቱን ሙሉ ደወል ሲጠብቁ የኖሩ ልጆች ናቸው። ሥዕል፣ ዘፈን፣ ስሌት፣ ሳምቡሳ፣ ይሄ ሁሉ በአምስት ቀን ከተጫነባቸው እሱም ሌላ ትምህርት ቤት ይሆንባቸዋል። መርጠሽ ሁለቱን ያዢ፣ ሌላውን ጊዜ ይጋደሙበት። ሊሾ ላይ መተኛትም ዕረፍት ነው። ስልኩንም ከእጃቸው አትንጠቂ፣ ይልቅ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ተጠቀሚበት።

እኛ ቤት መብራት ሲሄድ ሰሌኑ ግቢ ውስጥ ይነጠፋል። አጎበሩን ከመስኮቱ ብረትና ከልብስ ማስጫው ገመድ ጋር እናስረዋለን፣ ሁላችንም ከሥሩ እንገባለን። ከዚያ እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ!»፣ «ምን አውቅልህ!»፣ «ቢሄድ ቢሄድ የማይደክመው?» ያላወቀ አገር ይሰጣል። ባለፈው የወንድሜ ልጅ መልሱ ጠፍቶበት ድሬዳዋን ሰጠ። አቦ! የኔ ትንሿ ልጅ ብድግ ብላ «ድሬን አትሰጥም፣ የራስህን አገር ስጥ» ብላ አለቀሰች። ልጁ ደንግጦ አዳማን ሰጠ፣ እሷ ግን ቶሎ አልበረደላትም፣ እናቷ ብብት ውስጥ ገብታ እየተነፋረቀች ነው እንቅልፍ የወሰዳት። እኔ ያን ማታ ልጄ አገሯን ምን ያህል እንደምትወድ ነው ያየሁት። ለካ ይሄ ሁሉ እልህ ውስጧ አለ! (መልሱ ውሃ ነው፣ ልጆችሽን ጠይቂያቸው።)

ውሃን ካነሳሁ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ልጆች ቤት ሲሰለቻቸው ከተማውን አቋርጦ ወደሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ይወርዳሉ። ደረቅ ነው፣ አሸዋው ሰፊ ነው፣ ለኳስ ይመቻል። እባካችሁ በዚህ ወቅት አትልቀቋቸው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሰማዩ ጥርት ባለበት ይደርሳል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣውን እናውቀዋለን፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን፣ ያን ጊዜ ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር። ለአዲስ አበባው ልጅ በተለይ ንገሩት፣ እሱ ወንዝ ሲባል ውሃ ያለበት ነው የሚመስለው። ደመና ወደ ደንገጎ በኩል ከጠቆረ ልጅ አሸዋው ላይ አይገኝ። ግቢ ውስጥ ይጫወቱ፣ መስኮት ቢሰበር ይሰበር።


ነርስ ነኝ፦

አጭር ነገር ልጨምር። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፣ ብዙ ቤት የዝናቡን ውሃ ለመቀበል ባልዲና ሳፋ ደጅ ያወጣል፣ ልጆችም ዝናቡ ውስጥ ይታጠባሉ። ቆንጆ ነው፣ የኔም ልጆች ይወጣሉ። ግን የተጠራቀመው ውሃ በዚያው ክፍቱን አይቅር። እሱም፣ በርሜሉም፣ ጓሮ የተጣለው አሮጌ ጎማም የትንኝ መራቢያ ነው። ይቺ ትንኝ ደግሞ ቀን ነው የምትነክሰው፣ ማታ አጎበር ብቻ አይበቃም። በ2011 ክረምት ማብቂያ ላይ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ በዓሉን ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ እያቃሰተ ነው ያሳለፈው፣ ጤና ጣቢያው ወረፋ መያዣ አልነበረውም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም እናጠራቅማለን፣ ምርጫ የለንም። ስለዚህ ይከደን፣ በየሳምንቱ ይደፋና ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ፣ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ነው የሚጣበቀው። ይሄን ሥራ ለ11 እና ለ9 ዓመቶቹ ስጧቸው፣ ውሃ የነካ ሥራ ይወዳሉ። ትኩሳት ያለው ልጅ ካለ ደግሞ ሳይመረመር አስፕሪን አትስጡት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።


ከጁገል፦

ከሐረር ሰላም ብያለሁ። እኔ የምኖረው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በድሮ የሐረሪ ቤት ነው፣ ባለቤቴ ሐረሪ ነው። ለዓመቱ መጨረሻ ልጆቼን የማሠራቸው የግድግዳውን ዕቃ ማውረድ ነው። የሐረሪ ቤት ሳሎን ታውቁታላችሁ፣ ከፍና ዝቅ ያለው ነደባ፣ የመቀመጫው መደብ፣ አለ፣ ግድግዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች በሣህንና በስፌት የተሞላ ነው። ሁሉንም እናወርዳለን። ሣህኑ ይታጠባል፣ ስፌቱ ውሃ አይነካውም፣ በደረቅ ብሩሽ አቧራው በስሱ ይራገፋል፣ ከዚያ ጥላ ቦታ ነፋስ ያገኘዋል። ወደ ቦታው ሲመለስ ነው ጉዱ። የቱ ስፌት የት ነበር? ልጆቼ ይከራከራሉ፣ አያታቸው ከላይኛው ነደባ ላይ ተቀምጠው «እሱ የእናቴ ነው፣ ከሱ ጎን ያለው ለሠርጌ የተሰፋ ነው» እያሉ ያስተካክሏቸዋል። በዚያች ከሰዓት ልጆቹ የማያውቋቸውን ዘመዶቻቸውን ስም ይማራሉ። ሳቢያን ያለ ቤት ይሄ ሁሉ ስፌት ላይኖረው ይችላል፣ ግን አማትሽ ዘንድ አንድ ሳጥን አይጠፋም። አሮጌ ሻሽ፣ ፎቶ፣ የሠርግ ዕቃ። ከፍተው ያሳዩዋቸው።

አንድ ቀን ከሙቀቱ ማምለጥ ከፈለጋችሁም ሚኒባስ ይዛችሁ ውጡ። ሐረር 1885 ሜትር ላይ ነው፣ ለልጆቹ ሹራብ ያዢላቸው። አደይ አበባውንም ስትመለሱ ራሳችሁ ትይዛላችሁ። ማታ ካደራችሁ የጅቡን ድምፅ አልጋ ላይ ሆነው ይሰሙታል።


ሳቢያኗ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ይሄን ሁሉ መልስ አልጠበቅኩም። ማታ ለልጆቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ መብራት ሄዶ ነበር።

የገንደ ቆሬው አባት ሐሳብ ልቤ ገብቷል፣ ሁሉን ነገር አልጭንባቸውም። ወንዶቹ ሥዕሉን መረጡ፣ ትልቋ አበባየሆሹን። ትንሿ ቄጤማ ያዥ መሆኗን ከሰማች ጀምሮ ዱላ ይዛ ግቢውን እየዞረች ነው። በርሜሉን ጳጉሜ 1 እሑድ ስለሆነ በዚያ ቀን እንፈትገዋለን። ሩፋኤል ማክሰኞ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ሁላችንም እንወጣለን፣ እኔም ጭምር። ዶሮው ሐሙስ ማታ። ለአማቴ ስነግራቸው «ታዲያ ሌላ ምን አሰባችሁ፣ እኛ ስንሠራው የኖርነው እኮ እንደዚህ ነው» አሉኝ፣ ሽንኩርቱን ራሳቸው ቁጭ ብለው ሊያቁላሉ ነው፣ ልጆቹ ይልጡላቸዋል። ደቻቱን በተመለከተ የእህቴን ልጅ ለብቻው አስቀምጬ ነገርኩት፣ ገብቶታል።

መምህር፣ ትልቋ ወዲያው ወረቀት ይዛ ተቀመጠች። 2005 ላይ ነው የተወለደችው፣ ማቴዎስ ነው፣ ማክሰኞ ገብቷል አለችኝ። ልክ ናት?

የመጋላዋ፣ የሳምቡሳው ሊጥ ላይ ጥያቄ አለኝ። ሁለቱን ስንደርብ ዱቄቱ ብዙ ከሆነ አይደርቅም?


ጡረተኛው መምህር፦

ልክ ናት። 7505 ለ4፣ ቀሪው 1፣ ማቴዎስ። 7505 ሲደመር 1876፣ 9381፣ ለ7 ቀሪው 1፣ ማክሰኞ። አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ሄዳ ድሬ ባቡር የገባበትን 1895 ዓ.ም. ታስላ። መልሱን አልነግራትም፣ ስትጨርስ እዚህ ጻፉልኝ።


የመጋላዋ ጎረቤት፦

አይደርቅም፣ ግን በጣት ነስነስ ነው፣ እፍኝ አይደለም። ዋናው ዘይቱ ዳር ድረስ መድረሱ ነው፣ ዳሩ ካልተቀባ እዚያ ጋ ተጣብቆ ይቀደዳል። የተላቀቀውንም ሳትቆርጪ በፎጣ ሸፍኚው፣ በኛ አየር ክፍቱን ከተቀመጠ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከፈራሽ ሐሙስ ጠዋት ደውዪልኝ፣ መጥቼ አብሬሽ እሠራለሁ፣ ልጆቼንም ይዤ። ሳቢያን የት ጋ ናችሁ?


ሳቢያኗ እናት፦

በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ነይ፣ ልጆችሽን በሙሉ ይዘሽ ነይ፣ ለአበባየሆሹም ሰው ጎድሎናል።